የእማዋይሽ መራራ እርሻ

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ የአያቶቻችሁን ድሮ አይደለም። ገደላችን ገና ጢም ሳያበቅል፣ ወንዛችን ገና መንገድ ጠያቂ ሳለ፣ ያኔ ነው። ቀረብ በሉ። ራቅ ብሎ የተቀመጠ ግማሹን ብቻ ይሰማል፤ ግማሹን የሰማ ሰው ደግሞ ነገ ሲያወራው ከእኔ ይብስ ያጋንናል። ማጋነን በዚህ መንደር የእኔ ሥራ ነው፣ አትቀሙኝ።

እዚሁ ገደል ግርጌ አንዲት ሴት ነበረች። ስሟ እማዋይሽ። ሥራዋ አለላ መንከር ነው። ሴቶቹ ለስፌት የሚሆን ስንደዶ ያመጡላታል፤ እሷ ገሚሱን ቀይ፣ ገሚሱን ጥቁር አድርጋ ነክራ ትመልሳለች። እጇ እስከ ክርኗ ቀይና ጥቁር ነበር። ወንዝ ወርዳ ስትታጠብ ውሃው ሦስት ቀን ቀይ ሆኖ ይወርድ ነበር አሉ። የታችኛው አገር ሰዎችም “ላይ ቤት በሬ ታርዷል፣ ሠርግ አለ” እያሉ ሳይጠሩ ይመጡ ነበር። ይህን ግማሹን እመኑ።

እግሯ ደግሞ አንካሳ ነበር። በልጅነቷ ከገደሉ ወድቃ ግራ እግሯ ሳይቃና ቀረ። ስለዚህ እማዋይሽ አትሮጥም። ወንጭፍም አትወነጭፍም፤ ለመወንጨፍ በሁለት እግር መቆም ያስፈልጋል። አትጮኽም፤ ድምጿ ከትንኝ ቢበልጥ በትንሽ ነው። እንግዲህ ምን ታደርጋለች? ታያለች። ሌላው ይሮጣል፤ እሷ ታያለች። ሌላው ይጮኻል፤ እሷ ታያለች።

ያን ጊዜ የገደል ግርጌ ጌታ ሰው አልነበረም። ዝንጀሮ ነበር። ማሽላው እሸት ሲይዝ ከገደሉ ይወርዳሉ። ብዛታቸውን አትጠይቁኝ፤ ሲወርዱ ገደሉ ራሱ ተነቅሎ የሚመጣ ይመስል ነበር። ከፊት ከፊታቸው ጋማው እስከ ጉልበቱ የወረደ አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ ይሄዳል። መንደሩ “ግራዝማች” ብሎ ሰይሞታል። ግራዝማች አንድ እርሻ ገብቶ ከወጣ አገዳው ባዶውን ቆሞ ይቀራል፤ ለልቅሶ የተላጨ ይመስላል።

መንደሩም አንድ ሕግ ነበረው። ያልጠበቀ አይዘራም። በአንዱ እርሻ የገባ ዝንጀሮ የሁሉንም ይበላልና፣ እርሻውን ያስበላ ሰው መሬቱ ተነጥቆ መጠበቅ ለሚችል ይሰጣል። የእማዋይሽ እርሻ ታዲያ የት ነበር? ከገደሉ ሥር። ለሰው የመጨረሻው፣ ለዝንጀሮ የመጀመሪያው።

ከእሷ ቀጥሎ ያለው እርሻ የጓንጉል ነው። ጓንጉል ወንጭፉ ዝነኛ ነበር፤ አፉ ከወንጭፉ ይብሳል። ይህን ሰው ስሰድበው አትቀየሙኝ፤ የእናቴ አያት አባት ነው። የራስን ዘመድ ለመስደብ ፈቃድ አያስፈልግም።

ሁለት ዓመት በተከታታይ ግራዝማች በእማዋይሽ በኩል ገባ። መንደሩ አውድማው ላይ ተሰበሰበ። ጭቃ ሹም ድልነሳ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠራት።

“እማዋይሽ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝንጀሮ በአንቺ በር ገባ።”

“አዎ ጌታዬ።”

“የሚሮጥልሽ ሰው አለ?”

“የለም ጌታዬ።”

ጓንጉል ጣልቃ ገባ። “ጭቃ ሹም፣ ምን ያለፋዎታል? እሷ ግራዝማች ሲመጣ እንደ እንግዳ ‘ተቀመጥ’ ትለዋለች። መሬቱን ለእኔ ይስጡኝ፤ እኔ ድንጋይ አጎርሰዋለሁ።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። እማዋይሽ አልሳቀችም። “አንድ አዝመራ ይስጡኝ” አለች። “ከዚህ መሬት ሌላ የለኝም። አለላ አይበላም።”

ጭቃ ሹሙ አንገቱን አከከ። “እሺ፣ የመጪው ማሽላ እስኪታጨድ። ያን ጊዜ ካስበላሽ ለጓንጉል ነው።”

እማዋይሽ ቤቷ ሄደች። ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። አየች።

ገብስማ የምትባል ዶሮ ነበረቻት። የማትበላው ነገር የለም፤ አንድ ጊዜ የጭቃ ሹሙን የማኅተም ቀለበት ውጣ መንደሩ ሦስት ቀን ያለ ዳኛ ኩሷን ሲጠብቅ ሰንብቷል። በዚያን ቀን አንድ ፌንጣ በደጃፉ አለፈ። ቀይና ጥቁር ዥንጉርጉር ነው። ሌላው ፌንጣ ዶሮ ሲያይ ይዘላል፤ ይሄ አልዘለለም። ቀስ ብሎ፣ ካባ እንደ ደረበ መኳንንት ተራመደ። ገብስማ ጠቅ አደረገችው። ፌንጣው ከአንገቱ ሥር አረፋ አወጣ። ገብስማ ተፋችው። አፏን መሬት ላይ ስትጠርግ ዋለች። ፌንጣው ተነሣ፣ ካባውን አስተካከለ፣ መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ ገብስማ ቀይና ጥቁር ካየች ዞራ ትሄዳለች። ማታውኑ እማዋይሽ በቀለማም እጇ ጥሬ ብትበትንላት እጇን አይታ በአጥር ሾልካ ጠፋች።

እማዋይሽ እጇን አየች። ፌንጣውን አሰበች። “ይሄም እንደ እኔ አይሮጥም” አለች። “የማይሮጥ ከሆነ ታዲያ ለምን ይደምቃል? የማይሮጥ መደበቅ ነበረበት። የሚደምቀው እንዲታወቅ ነው። ‘መራራው እኔ ነኝ፣ እንዳትረሱኝ’ ማለቱ ነው።”

መራራውን ከየት ታምጣ? እሱ ቀላል ነበር። እናት ልጇን ጡት ስታስጥል ጡቷን እሬት ትቀባለች፤ ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔ ራሴ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እማዋይሽ ከገደሉ ሥር እሬት ቆረጠች። በአለላ ማሰሮዋ ከቀለሙ ጋር አፈላችው። ማሽላው እሸት ሲይዝ፣ ገደሉን የሚያየውን ረድፍ በሙሉ ራስ ራሱን ቀይና ጥቁር ቀባችው። እያነከሰች፣ አገዳውን እያጎነበሰች፣ አንድ በአንድ።

ጓንጉል ከማማው ላይ አያት። “እማዋይሽ፣ ማሽላሽን ልትድሪ ነው? ሙሽራው ማን ነው?”

“ሙሽራው ከገደሉ እየወረደ ነው፣ አያ ጓንጉል። አንተ ተቀመጥና እይ።”

ግራዝማች ወረደ። ቀይና ጥቁሩን ራስ ጎንበስ አድርጎ ነከሰ። ከዚያ ምን ሆነ አትሉኝም? ፊቱ ተጨማደደ። እንደ ደረቀ ቆዳ ተጠቀለለ። ምላሱን አውጥቶ በሁለት እጁ ጠረገ። አልበቃ ብሎት ባጠገቡ በቆመው ዘመዱ ጀርባ ጠረገ። ዝንጀሮ ደግሞ በሌላ ምስክር አያምንም፤ እያንዳንዱ ራሱ ቀመሰ። እያንዳንዱ ራሱ ተፋ። ከዚያ የእማዋይሽን እርሻ ዞረው በጓንጉል በኩል ገቡ።

ጓንጉል ወነጨፈ፣ ጮኸ፣ ሁለት ጊዜ ከማማው ወድቆ ሁለት ጊዜ ወጣ። ምንም አልረዳው። ገሚሱ እርሻ ሄደ።

መንደሩ እንደገና አውድማው ላይ ተሰበሰበ። ጭቃ ሹሙ ከዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። “ጓንጉል፣ ሕጉን ታውቀዋለህ። ያልጠበቀ አይዘራም። መሬትህ ለእማዋይሽ ነው።”

የእናቴ ቅድመ አያት ወንጭፉን መሬት አስቀመጠ። ስድስት ልጆች ነበሩት፤ አንዷ የእናቴ አያት ናት። እማዋይሽ ቀና አለች።

“ይማሩት ጌታዬ። ጠብቋል፣ አየሁት። ሁለት ጊዜ ከማማው ወድቋል። ለከርሞ ለእሱም እቀባለታለሁ።”

ጭቃ ሹሙም ማረው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንድ ነገር አስቡልኝ። እሷ በዚያች ቀን “እሺ ልውሰደው” ብትል ኖሮ እኔ ዛሬ የሌላ አገር ሰው ነበርኩ፤ ምናልባትም ቁም ነገረኛ። እግዜር ይስጣት።

ሁለተኛው ዓመት መጣ። አርባው ቤት በሙሉ ከእማዋይሽ ደጅ ተሰለፈ። “ለእኔም ቀቢልኝ፣ ለእኔም።” ቀለሙ ሞልቷል። እሬቱ ግን ጥቂት ነበር፤ ገደሉ ሥር ያለው ሁሉ ቢቆረጥ ከአራት ቤት አያልፍም።

እማዋይሽ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። አየች።

አንድ ሌላ ፌንጣ በደጃፉ አለፈ። ቀይና ጥቁር ነው፤ አረማመዱም ያው የመኳንንት። ገብስማ ያቺን ካባ ስታይ ዞራ ሄደች። አንድ ገና የተፈለፈለ ጫጩት ግን፣ እሱ ምን አውቆ፣ ሮጦ ዋጠው። እማዋይሽ ጫጩቱ አሁን ይተፋል ብላ ጠበቀች። አልተፋም። ጣፍጦት ምንቃሩን አሾለ። ይሄኛው ፌንጣ አረፋ የለውም። የመራራውን ልብስ ተውሶ የለበሰ ጣፋጭ ነው። የመራራው ዝና እሱንም ያኖረዋል።

“ይሄማ ጎረቤት ነው” አለች እማዋይሽ። “በጎረቤቱ መራራነት ያድራል።”

ለመንደሩም እንዲህ አለች። “ቀለሙን ሁላችሁም ቀቡ። እሬቱን ግን ከአሥር ራስ አንዱን ብቻ ቀቡ። ከአሥሩ አንዱ ይምረር።”

እንዳለችው አደረጉ። ግራዝማች ወርዶ አርባውን እርሻ ቀይና ጥቁር ለብሶ አየው። አንዱ ዝንጀሮ ደፍሮ ቀመሰ፤ ዕድሉ ሆኖ መራራው ደረሰው። ተመለሱ። አዝመራውን በሙሉ ገደሉ ጫፍ ላይ አገጫቸውን ይዘው ተቀመጡ። በዚያ ዓመት ማሽላው ጎተራ አልበቃ ብሎት ሰው በኮፍያው አስቀመጠ። አይጦቹ ወፍረው በየጉድጓዳቸው መግባት አቅቷቸው ደጅ አደሩ።

ሦስተኛው ዓመት መጣ። ጥጋብም አብሮት መጣ።

ጓንጉል እሬቱን በእጁ ይዞ ማሽላውን አየ። እሬት የነካው ራስ አይበላም። ከአሥር አንዱ ከሆነ ከመቶ አሥሩ ነው። “ለምን ከእኔ?” አለ ለሚስቱ። “ሌላው ሁሉ ይቀባ የለም ወይ? የእኔ ባይመር ማን ያውቃል?” እሬቱን ጣለው። ብልጥ መሆኑ ነው። ችግሩ በዚያ ዓመት ገደል ግርጌ አርባ ብልጥ ነበረው። አርባው ቤት “ጎረቤቴ አለ” አለ። ከእማዋይሽ በቀር እሬት የነካ አልነበረም።

ቀለሙ ግን አያድርስ ነው። ተፎካከሩበት። ማሽላውን ቀብተው ሲጨርሱ በሩን ቀቡ። በሩን ሲጨርሱ ፍየሉን ቀቡ። አንዱማ የአማቱን ምርኩዝ ቀብቶ፣ አማቲቱ ጠዋት እባብ መስሏት ከቤት ወጥታ እስከ ታችኛው አገር ሮጠች፤ ከዚያ በፊት በምርኩዝ ነበር የምትሄደው።

እማዋይሽ አየች። ያየችው አላስደሰታትም። ወደ አውድማው መጣች።

“ዘንድሮ ጣፋጩ ፌንጣ በዝቷል” አለች። “መራራው ጥቂት ነው። ጫጩቶቹ ቀይ ሲያዩ ይሮጣሉ። የሚሮጡት ወደ ኋላ አይደለም፣ ወደ ፊት ነው።”

“አሁን ደግሞ የጫጩት ትርጉም ጀመረች” አለ ጓንጉል።

“አያ ጓንጉል፣ እሬትህን ቀብተሃል?”

“እንዴታ” አለ የእናቴ ቅድመ አያት። ዋሸ። አርባው ቤት “እንዴታ” አለ። አርባው ቤት ዋሸ።

ገደሉ ላይም ጫጩት ነበር። ባለፈው ዓመት የተወለዱ፣ እሬት በምላሳቸው ያልደረሰ ዝንጀሮዎች። አንዱ ከእናቱ ጀርባ ወርዶ በጓንጉል በኩል ገባ። ቀዩን ራስ ነከሰ። ጣፈጠው። ሁለተኛውን ነከሰ። ጣፈጠው። ሦስተኛውን በጉንጩ ይዞ ወጣና ለወንድሞቹ አሳየ። በማግስቱ በአንድ ጠዋት ከሦስት እርሻ፣ ከጥቂት ራስ በቀር፣ አገዳው ብቻ ቀረ። የጓንጉል የመጀመሪያው ነበር።

“ቀለሟ ሞተ” አለ ሰው። አንዳንዱ አህያውን መጫን ጀመረ። ተሰደን ቆላ እንውረድ ያለም ነበረ። ጭቃ ሹም ድልነሳ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ወደ እማዋይሽ ዞረ።

“ምን ይሻላል እማዋይሽ?”

“ቀለሙ አልሞተም፣ ጌታዬ። የሞተው መራራው ነው። አሁን ቀይ ጣፋጭ መሆኑን ተምረዋል። እንዲረሱት ከአሥር አንድ አይበቃም። አንድ እርሻ በሙሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ መምረር አለበት።”

“የማን እርሻ?”

ሰው ሁሉ እግሩን አየ። የሰው እግር እንደዚያ ቀን ታይቶ አያውቅም።

“የእኔ ይሁን” አለች እማዋይሽ። “ከገደሉ ሥር ነው። መጀመሪያ የሚደርሱት እዚያ ነው።”

“ከዚያስ ምን ትበያለሽ?”

“እሱን ከአጨዳ በኋላ አየዋለሁ።”

በዚያ ቀን አርባው ቤት ወጣ። ሴቱም ወንዱም ገደሉን ዞሮ ከማዶው ተራራ እሬት ተሸክሞ መጣ። ያለ የሌለ ማሰሮ ተጣደ። የእማዋይሽን እርሻ ራስ ራሱን ቀቡት፤ አንድም አልቀረ። ሽታው ብቻውን የሚያልፍ ወፍ ያስነጥስ ነበር።

ሲነጋጋ እማዋይሽ ሁሉንም ከእርሻዋ ዳር አስቀመጠቻቸው። “ዛሬ ማንም እንዳይወነጭፍ” አለች። “ማንም እንዳይጮኽ። ይግቡ።”

ዝንጀሮዎቹ ወረዱ። ጓንጉል በሕይወቱ እንደዚያ ተጨንቆ አያውቅም። ዝንጀሮ በአሥር ክንድ ርቀት እያለፈ እሱ ቁጭ ብሏል። እጁ ሳያውቀው ወንጭፉን ያዘ። ድንጋይ አገባበት። እማዋይሽ ቀይና ጥቁር እጇን በእጁ ላይ አደረገች።

“ይብሉ፣ አያ ጓንጉል” አለችው። “ይብሉ።”

ጓንጉል ድንጋዩን ለቀቀ።

ግራዝማች አልወረደም። ገደሉ ጫፍ ላይ ቀርቶ፣ ልጆቹ ምክሩን እንዳልሰሙት ሽማግሌ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። እሱ ያውቃል። ልጆቹ ግን ገቡ። አንዱን ነከሱ፤ መረረ። ቀጥሎ ያለውን ነከሱ፤ መረረ። ከወዲያ ማዶው ይጣፍጥ ይሆናል ብለው ሮጡ፤ ያም መረረ። ጣፋጭ ፍለጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እሬት ነው። ከዚያ ከእርሻው ወጥተው የጎረቤቶቹን ማሽላ አዩ። ያም ቀይና ጥቁር ነው። አንዱም እጁን አልዘረጋም።

ምላሳቸውን ይዘው ገደሉን ወጡ። የተፉት ምራቅ ብዛት ከድንጋዩ ሥር ምንጭ ፈጠረ፤ ያ ምንጭ እስከ ዛሬ አለ፤ ፍየል አይጠጣውም። የማያምን ነገ ይቅመስ፣ እኔ ከሩቅ ቆሜ አየዋለሁ።

መንደሩ አልተሰደደም። ማሽላው ታጨደ፣ ተወቃ። እማዋይሽ የራሷን አጨደች። ወንዝ ወርዳ ሰባት ጊዜ አጠበችው፤ ዓሦቹ ፊታቸውን አኮሳተሩ እንጂ እሬቱ አልለቀቀም። ባዶ ጎተራዋን ዘጋች። ደጃፏ ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የመጣው ጓንጉል ነው። ከተረፈችው ጥቂት ማሽላ፣ እሷ በነከረችው አለላ የተሰፋ ሙዳይ ሞልቶ ይዟል። ፊቷ አስቀመጠው።

“ምን ሆንክ አያ ጓንጉል? ዛሬ ዝም አልክ።”

“እርሻሽ ገብቼ ማሽላሽን ቀመስኩት” አላት። “ምን እንደ ሰጠሽን ልወቅ ብዬ።” አፉን ጠረገ፣ አለቀሰ። መሮኝ ነው ያለቀስኩት ይል ነበር እስኪሞት ድረስ።

ከኋላው ሠላሳ ስምንቱ ቤት መጣ። እያንዳንዱ በእፍኙ አምጥቶ ሙዳዩ ላይ ጨመረ፤ ሙዳዩ ሞልቶ ቤቱ ሞላ፣ ቤቱ ሞልቶ ገብስማ በጣራ ወጣች። መጨረሻ ላይ ጭቃ ሹም ድልነሳ መጣ። ለጳጳስ እንኳ ተነሥቶ የማያውቅ ሰው ቆሞ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ እንዲህ አላት።

“እሜቴ፣ እስከ ዛሬ ያልጠበቀ አይዘራም ስንል የሚጠብቅ የሚሮጥ ብቻ ይመስለን ነበር። ከእንግዲህ መሬትዎ አይለካም፣ አይነጠቅም። እርስዎ ስለ መረሩልን እኛ እናበላዎታለን።”

ልጆቼ፣ ያ እርሻ አሁንም ከገደሉ ሥር አለ። መራራ እርሻ ነው ስሙ። መሮጥ የማይችል ሰው ነው የሚያርሰው፤ አንዴ ዓይነ ስውር፣ አንዴ ባሏ የሞተባት፣ አንዴ እንደ እሷ አንካሳ። ሙሉውን በእሬት ይቀባዋል፤ ሌሎቻችን ቀለሙን ብቻ እንቀባለን። ማሽላ በተወቃ ጊዜ የመጀመሪያው እፍኝ “የእማዋይሽ” ተብሎ ወደዚያ ቤት ይሄዳል፤ እሱ ሳይሄድ ማንም አይቀምስም። በሸንጎም ሁሉም “ጎረቤቴ አለ” ሲል አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ “ሁሉ ቀይ ቢለብስ፣ አንዱ ይምረር” ይላል። ያን ጊዜ ሰው እግሩን ማየት ይተዋል።

ከየቤቱ አንድ እፍኝ ነው የሚወጣው። ከእኛ ቤት ግን ሁለት ነው። አንዱ ለምስጋና ነው፣ እንደ ሰው። ሁለተኛው ስለ ጓንጉል አፍ ነው። እኔም አፌን የወረስኩት ከእሱ ነውና፣ ዘንድሮ ሦስተኛ ጨምሬያለሁ።